ከዘፈኑ ሥር

«አንች ያች የምትስቂዋ ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ።

የደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ ሻንጣዬን በእግሮቼ መሀል አጣብቄ የባሕር ዳር ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜያለሁ። ገና በጠዋቱ ፀሐዩ ይጋረፋል፤ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ የሚነሳው አቧራ ከንፈር ላይ ይቀመጣል። ዞር ስል እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ የማሩ እናት። ያው አረንጓዴ ቀሚስ፣ ያው ኮንጎ ጫማ፣ ያው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ስልክ።

«ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«እንዴዬ! ምነው እንዲህ ተጎሳቆልሽ? ያ ሁሉ ጥርስ የት ገባ?»

«ጥርሱማ አለ። ሳቁ ነው ያለቀው።»

«ኤዲያ! ሳቅ እንደ እህል ያልቃል?» አሉና ጉንጬን ግራ ቀኝ ሳሙኝ። ከነጠላቸው የሩዝ ገለባ ሽታ መጣ፤ ገለባ ውሃ ነክቶት ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተው፣ ጣፈጥ ኮምጠጥ የሚለው። ያ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ትዝታ ለማውራት ሽበት ያስፈልጋል የምትሉ ከሆነ እዚሁ ላይ ተዉት። ወረታ ላይ ግን «ድሮ» ለማለት ማርጀት አያስፈልግም፤ ነገሩ ሁሉ ከሰው ቀድሞ ያረጃል። እኔ ድሮ የምለው የሜሞሪውን ዘመን ነው፤ ካሴት ከሞተ በኋላ፣ ኢንተርኔት በየኪሱ ሳይገባ በፊት የነበረውን። ያኔ የሰው ሁሉ ነገር ጥፍር በምታህል ጥቁር ካርድ ውስጥ ነበር። ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ ዘፈኑ፣ የቄሱ ስብከት፣ ሁሉም እሷው ውስጥ ይታጨቃል። ሜሞሪውን በመሀረብ ቋጥሮ የሚመጣ ነበር፤ ከክታቡ ጋር አብሮ አንገቱ ላይ የሚያስር ነበር፤ ምላሱ ሥር ይዞ መጥቶ «እፍ በይበት፣ ምራቅ ነክቶት ይሆናል» ያለኝ ሽማግሌም ነበር። አሁን ሱቅ ገብታችሁ ሜሞሪ አለ ብትሉ ሻጩ ፈገግ ይልባችኋል።

አስረኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር የገባሁት ሲሳይ የሚባል ከደሴ የመጣ ነጋዴ ሱቅ ነው። ሱቁ ወደ ጎንደር በሚወስደው በኩል፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ ነበር፤ ቆርቆሮው ሰማያዊ የተቀባ። በሩ ላይ ሲሳይ በራሱ እጅ «ዘፈን እንጭናለን፣ ስልክ ቻርጅ እናደርጋለን፣ ድምፅና ቪዲዮ በራስዎ ሜሞሪ ላይ ወዲያው እንቀርፃለን» ብሎ ጽፎበታል። «ወዲያው» የምትለዋን በቀይ ቀለም ነው የጻፋት፤ ቁም ነገሩም እሷ ነበረች። ከዚያ በፊት ሠርግ ያስቀረፀ ሰው ሲዲው እስኪደርስለት ሙሽራዋ ትወልድ ነበር። እኛ ዘንድ ግን የሰውየውን የራሱን ሜሞሪ መቅረጫው ውስጥ እንሰካለን፣ ይቀረፃል፣ ይነቀላል፣ ይዞት ይሄዳል። ስልክ ያለው ደግሞ በገዛ ስልኩ እንቀርፅለታለን፤ አያያዙንና ብርሃኑን እኛ እናውቅበታለን።

የገበያ ቀን ሲሆን ከፎገራ ሜዳ ሰው እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ጎረምሶቹ አረንጓዴ ቁምጣ ለብሰው፣ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበት ስበው፣ ፀጉራቸው ላይ ሚዶ ሰክተው፤ ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ዳሩ ዘርፍ ያለው የናይለን ጃንጥላ ዘርግተው። ያ ጃንጥላ ለፀሐይም ለዝናብም አልነበረም፤ ለመታየት ነበር። ስልኮቹ ድምፃቸው ከበሬ ደወል የሚልቅ፣ ጀርባቸው ላይ ባትሪ የሚያበሩ የቻይና ስልኮች ናቸው። አንድ ጊጋ ሙሉ ዘፈን አስር ብር ነበር፤ አስር ብር ያኔ ሁለት ሻይ ከነዳቦው ነበር። «ምን ልጫንልህ?» ስለው «የሚያስነሳ» ይለኛል። «ከወዴት የሚያስነሳ?» ስለው «ከሞት» ይላል። የማሲንቆውን፣ የክራሩን፣ ከሱዳን ድንበር የሚገባውን ቃሉን ማንም የማያውቀውን ዘፈን ሁሉ አደባልቄ እጭንለታለሁ። በማግስቱ ያንን ሁሉ ዘፈን ከሩዝ ማሳው መሀል ትሰሙታላችሁ፤ አራሚው ጎንበስ ብሎ፣ ስልኩ ቀና ብሎ ይዘፍናል።

አንድ ደንብ ነበረን። ቅጂ አናስቀርም። ይሄን ደንብ ሲሳይ አላወጣውም፤ አገሬው ነው ያወጣው። ድሮ አንድ ሌላ ቤት የአንዲት እናት ሙሾ ተቀርፆ ቅጂው እዚያ ቀርቶ ኖሮ፣ ከጊዜ በኋላ ሰው ጠጅ ቤት ተቀምጦ ሲሰማው ተገኘ። ሴትየዋ ሰምታ ፊቷን ነጨች። ከዚያ ወዲህ ሜዳው ላይ «ድምፅ ሰው ቤት አያድርም» የሚል ቃል ወጣ። እኛ ዘንድ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋ አልነበረም፤ «ታድራለች?» ነበር። ድምፄ እናንተ ቤት ታድራለች ወይ ማለታቸው ነው። «አታድርም» እንላለን። ቀጥታ በራሳቸው ሜሞሪ ላይ፣ እዚያው ዓይናቸው ሥር። ነቅለን በእጃቸው ስናስይዛቸው እጃቸውን ይጨብጡና ይወጣሉ። ሥራችን ያማረው በዚህች ቃል ነው። ያጠፋችንም ይህችው ቃል ናት።

ድምፅ የምንቀርፀው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው። ይሄን የሚያውቅ የወረታ ሰው ብቻ ነው። ዙሪያችን ሁሉ የሩዝ መፈልፈያ ነው፤ መብራት ካለ ጩኸቱ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ድምፅ ሊያስቀርፅ የመጣ ሰው አግዳሚው ላይ ተደርድሮ መብራት እስኪጠፋ ይጠብቃል። ከተማው ሁሉ መብራት ሲጠፋ ይራገማል፣ የኛ ሱቅ ብቻ «ተመስገን!» ይላል። ወፍጮዎቹ አንድ ባንድ እያቃሰቱ ዝም ይላሉ፤ ጎሚስታው መዶሻውን ያስቀምጣል፤ የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ያን ጊዜ «በል ተናገር» እንላለን።

ከማሩም ጋር የተዋወቅነው እዚያው አግዳሚው ላይ ነው። መጀመሪያ ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ መጣ፤ ቀጥሎ ቻርጅ የተደረገ ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ መጣ።

«ሞልቷል እኮ» አልኩት።

«ይሙላ፣ ምን ቸገረሽ? ሲፈስ እጠራሻለሁ።»

በዚህ ሳቅሁ። ያኔ ሳቄ ቅርብ ነበር። ሳቅ ስጀምር ደግሞ አላቆምም፤ ጎሚስታው ከማዶ «ያች ልጅ ሳል ያዛት» ይል ነበር። ማሩ የጎርፍ አገር ልጅ ነው፤ ቤታቸው ሐይቁ ክረምት ክረምት መጥቶ ደጃፍ ከሚጠይቃቸው ቤቶች አንዱ። አባቱ የሉም፤ እሱና እናቱ፣ አንዲት ቀይ የፎገራ ላምና የሩዝ ማሳ። ስለ እኔና እሱ ብዙ አልጽፍም። ክረምቱን ሁሉ ስልኩ አንድም ቀን ባትሪ አልጎደለበትም፤ በቃ።

ከዚያ አንድ ዓመት ጎርፉ ከማሳው ሳይነሳ ቆየ፣ ሩዙ ተበላሸ። ማሩ ወደ ቆላ ሰሊጥ አረም ልሄድ ነው አለኝ። የሚሄድ ሁሉ እንደሚለው «ደርሼ መምጣቴ ነው» አለኝ። ልክ መብራት ሲጠፋ ጠብቆ መጣና ስልኩን ሰጠኝ። ለእናቱ ትቶላቸው ሊሄድ ነው፤ ስልኩንም፣ ድምፁንም፣ ፊቱንም። ሰማያዊው ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ ያዝኩትና ቀረፅኩ። ረጅም አልነበረም። መጨረሻው ላይ ስለ እኔ አወራ፤ እኔ ስልኩን የያዝኩት ነኝና አልታይም። የሚቀርፅ ሰው አይታይም። ሳቄ ብቻ ነው የገባው፤ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ፣ የማሩ ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ፣ እሱም ሳቁን ሲለቀው። እዚያ ላይ ያልቃል።

ሄደ። ከቆላው ወዲያ ድንበር ተሻገረ የሚል ወሬ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውም ቀረ። ሞተ ያለን የለም፤ አየሁት ያለን የለም። እትዬ ጥሩነሽ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ምን ብለው ይቀመጡ? በየገበያው ቀን ስልኩን ቻርጅ ሊያደርጉ ይመጡና አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ያዩታል። ቻርጅ እስኪሞላ ደጋግመው ያዩታል። ሰው ነክቷቸው ቢያልፍም አይሰሙም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ የኔ ሳቅ ከስልኩ ሲወጣ፣ ቀና ብለው ያዩኛል። «ይችው ነሽ» ይላሉ፤ ሌላ የሚሉት የላቸውም። እኔና እሳቸው ያለን ዝምድና ያቺ ሳቅ ነበረች። ሽማግሌ አልተላከ፣ ቀለበት የለ፤ ምራቴ የሚሉበት ሌላ ምን ነበራቸው?

አንድ የገበያ ቀን አንበሳሜ ሠርግ ልንቀርፅ ሄደን ሱቁን ዘግተን ዋልን። እሳቸው መጡ። ዘግተናል። ያን ቀን ደግሞ ቻርጅ ብቻ አልነበረም የፈለጉት፤ አንድ ከቆላ የተመለሰ ሰው የስልክ ቁጥር ሰጥቷቸው ኖሮ፣ ሊደውሉ ሂሳብ ፈልገው ነው፤ ቁጥሩ ኋላ ሲደወል አልሠራም። ወደ ሌላ ሱቅ ገቡና ስልኩን ከአንገታቸው አውልቀው «ካርድ ሙላልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉት።

በቃ ይሄው ነው። ካርድ ሙላልኝ። እሳቸው ካርድ የሚሉት ተፍቆ የሚሞላውን የሂሳብ ካርድ ነው። የሱቁ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ካርድ ሙላልኝ የሚለው ሰው ሁሉ ሜሞሪ ይዞ የመጣ ነው። የስልኩን ጀርባ ከፍቶ ሜሞሪዋን አወጣት፤ ቫይረስ አለባት ብሎ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ አጠባት፤ ከዚያ ዘፈን ሞላባት። ክፉ ልጅ አልነበረም። እናት ናቸው ብሎ አትረፍርፎ ነው የሞላላቸው፤ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ። እትዬ ጥሩነሽ እቤታቸው ገብተው ማሩን ሊያዩ ሲነኩት እስክስታ ተነሳባቸው።

በማግስቱ ጭቃቸውን ሳይታጠቡ መጡ። ስልኩን አየሁት። እኔ ነገር መጠቅለል አልችልም፤ እናቴም የምትረግመኝ በዚህ ነው።

«የለም፣ እትዬ ጥሩነሽ። ጠፍቷል» አልኳቸው።

«የት ይጠፋል? ዘፈኑ ተኝቶበት ነው እንጂ።»

«አልተኛበትም። ጠፋ። ታጠበ።»

«አንች ልጅ፣ ጎርፍ ሲመጣ መሬቴ ይጠፋል እንዴ? ውሃው ነው የሚተኛበት። ሲነሳ ያው መሬቴ ነው፤ ድንበሩ ሳይቀር። ልጄ ከዘፈኑ ሥር ነው ያለው። አንሽልኝ።»

«እሺ፣ ሁሉንም ላጥፋውና ይዩት» ብዬ ልነካ ስል እጄን ያዙኝ።

«ኧረ በስመ አብ! በአንዴ አይደለም። ውሃ በአንዴ ሲነሳ አፈሩን ጠርጎ ነው የሚሄድ። ቀስ እያልሽ። ዛሬ አንድ፣ ለሚቀጥለው ገበያ አንድ።»

ሲሳይን አየሁት፤ ሲሳይ ጣሪያውን አየ። ቅጂ አልነበረንም። ድምፅ ሰው ቤት አያድርማ። ሜሞሪዋን ለምኜ ባሕር ዳር የጠፋ ነገር የሚመልስ ሰው ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ብዙ ቆየና «ታጥቦ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይወጣ ነበር። ግን ላዩ ላይ ተሞልቶበታል፤ እስከ አፉ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የሳቸውን ቃል እያሰብኩ ነው ወረታ የተመለስኩት። ስመልስላቸው «ምን አለ?» አሉኝ። «የለም አለ» አልኳቸው። «የከተማ ሰው ምን ያውቃል ስለ ጎርፍ» አሉ።

ከዚያ በየገበያው ቀን አንድ ዘፈን አነሳሁላቸው። ምን ላድርግ? ከማን ጋር እንደሚሰናበቱ ሳይሰሙ አያስነሱኝም ነበር፤ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። አንዳንዱን ይወዱት ጀመር። «ይሄስ ደግ ነበር፤ ግን መንገድ ይልቀቅ» ይላሉ። ከዚያ ዘመኑ ራሱ መንገድ ለቀቀ። ሰው ሁሉ ንክኪ ስልክ ያዘ፤ ራሱ ይቀርፃል፣ ራሱ ይለጥፋል፣ ራሱ ይረሳል። ኔትወርክ ሲኖር ሁሉም ሁሉንም ያያል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እጁ ላይ አንድም ነገር የለውም። ሲሳይ እቃውን ሸጦ ወደ ደሴ ተመለሰ። ሰማያዊው ቆርቆሮ አሁን የባጃጅ መለዋወጫ ቤት ነው፤ «ወዲያው» የምትለዋ ቀይ ጽሑፍ ብቻ አልፋቅ ብላ እዚያው አለች። ጎረምሶቹ የሉም። የት ሄዱ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ከመገንጠያው ሁለቱም መንገድ ይወስዳል። ሚዶ የሚሰካ የለም፣ ጃንጥላ የሚዘረጋ የለም። እኔም ሽሮ ቤት ሠራሁ፣ ሩዝ ለቀምኩ፣ ባጃጅ ተራ ሻይ ሸጥኩ። ዛሬ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል እቃ ማጠብ አለ ተብዬ ነው ሻንጣ የያዝኩት። ይሳካል ብዬም አይደለም። እዚህ ከምቀመጥ ብዬ ነው።

«ወዴት ነሽ?» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ ሻንጣውን አይተው።

«አዲስ አበባ።»

«ትመለሻለሽ?»

«እንጃ። አይመስለኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሄን ቃል ከሰው አፍ ሰምተው አያውቁም፤ የሚሄድ ሁሉ እመለሳለሁ ነው የሚላቸው። ስልኩን ከአንገታቸው አወለቁና እጄ ላይ አኖሩት። ክሩ ላባቸውን ጠጥቶ ጠቁሯል።

«እይልኝ። አንድ ቀርታለች።»

ከፈትኩት። እውነታቸውን ነው። ያንን ሁሉ ዘፈን በየሱቁ እየለመኑ፣ አንድ ባንድ፣ እኔም ሱቁም በሌለንበት፣ አስነስተው አስነስተው ጨርሰውታል። አንዲት የእስክስታ ዘፈን ብቻ ብቻዋን ቁጭ ብላለች።

«ላንሳት?» አልኳቸው።

«ተያት! እንዳትነኪያት።»

«ለምን? ያለቀልዎት እኮ ነው።»

የጭነት መኪና አለፈ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«እሷም ተነስታ ልጄ ካልወጣስ?» አሉኝ።

ስልኩን ልመልስላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልተቀበሉኝም።

«ይልቅ» አሉ፣ «ቦታ አለው አይደል አሁን? ውሃ ሲነሳ መሬት ባዶውን አይተውም፤ እርጥበቱ ላይ ጓያ ይዘራበታል። አንች ሳቂበት። ሳቅሽ እንኳ ይኑር።»

«እንዲሁ ዝም ብዬ ሳቅ ከየት ይመጣል፣ እትዬ?»

«እኔ አስቅሻለሁ። በይ ክፈችው።»

መቅረጫውን ነካሁት፤ ቀይዋ ነጥብ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። እዚያው ላይ መብራት ጠፋ። መፈልፈያዎቹ አንድ ባንድ እያቃሰቱ ዝም አሉ፤ መገንጠያው ጭር አለ። እትዬ ጥሩነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰማያዊው ቆርቆሮ ባለበት በኩል ፊታቸውን አዞሩ።

«እማ፣ እንደምን አለሽ» አሉ፣ የማሩን ቃል በማሩ አነጋገር። «እኔ ደህና ነኝ። ገና አልሄድኩም እኮ፤ እዚሁ ወረታ ነኝ። አንች ስታይው ግን ሄጃለሁ።» ትንሽ ሳል አሉ፤ ማሩ እዚያ ላይ ስሎ ነበር። «ቀይዋን ላም እንዳትሸጫት። ውሃ ሲመጣ እቃውን ቆጥ ላይ አውጭው፣ ደግሞ ከጎረቤት እደሪ እንጂ ብቻሽን እንዳታድሪ። ይችን የምትቀርፀኝን ልጅ አታያትም፣ እማ፤ ቀራጭ አይታይም። ቀራጭ ስልሽ ደግሞ ቀረጥ የምትሰበስብ እንዳይመስልሽ። ስመለስ አመጣልሻለሁ። ሩዝና አረም አትለይም፤ ሩዙን ነቅላ አረሙን ኮትኩታ ነው የምትጠብቅሽ...»

እዚያ ላይ አቆሙ። ከዚህ በኋላ የሱ ቃል የለም፤ የኔ ተራ ነው። ከንፈራቸውን ገጥመው፣ አንገታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው ጠበቁ።

ቀይዋ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ባሕር ዳር! አንድ ሰው! ባሕር ዳር አንድ ሰው!» አለ ረዳቱ።

ሳቁ አልመጣልኝም፤ ስልኩን እየቀረፀ እንዳለ እጃቸው ላይ አኖርኩት። ሻንጣዬን አንስቼ ገባሁ፤ በሩ ተዘጋ።